በበረኪና ለታጠቡት ጉድጓዶች የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የተዘጋው የዩራኒየም ማዕድን ቦታ ሥራ አስኪያጅ፦

ጤናዎ እንደ ጫማዎ የሚያብረቀርቅ እንዲሆን ከልቤ እየተመኘሁ፣ እኔ ከማዕድኑ በታች ባለው ሰፈር የምኖር፣ ትምህርቴንም በእኔና በትምህርት ቤቱ የጋራ ስምምነት ያቋረጥኩ ወጣት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ። ግቢዎ ውስጥ የዶክትሬት ጥናቷን ስትሠራ የነበረችው፣ ሰፈሩ «የጀርሞች እናት» የሚላት፣ ታላቅ እህቴ ናት።

አንደኛ፣ ስለ ንጽህናዎ። እህቴ በግቢዎ ባሉት የውሃ መፈተሻ ጉድጓዶች ውስጥ ባክቴሪያ ስትቀልብ ዓመታት አልፈዋል። ልብስ እያጠበች እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ እነዚህ ፍጥረታት አቼቶ ቢጤ ሲቀርብላቸው በውሃው የሟሟውን ዩራኒየም ወደማይሟሟ ነገር ለውጠው እዚያው አፈሩ ውስጥ ያስቀሩታል፤ ወደ እኛ የመጠጥ ጉድጓድ አይወርድም ማለት ነው። እውነትም በውሃው ያለው የዩራኒየም ልኬት መቀነስ ጀምሮ ነበር። እርስዎ ግን ጎብኚ ይመጣል ሲባል፣ ጉድጓዶቹ ላይ «ባክቴሪያ አለ» የሚለውን ጽሑፍ አንብበው ክፉኛ ስለደነገጡ፣ በየጉድጓዱ በረኪና እንዲደፋ አዘዙ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ስታጸዳ ኖራ አጽጂዎቹን ራሳቸውን የሚያጸዳ ሰው ያየችው ገና አሁን ነው። በረኪናው ደግሞ ለፍቶ አዳሪዎቹን መጨረሱ ሳያንስ የተቀመጠውን ዩራኒየም መልሶ አሟሟልን፤ ስለ ትጋቱ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ጎብኚዎቹ በሄዱ ማግስት «ቦታው ስለጸዳና ውሃው ለመጠጥ ስለሚሆን ጥናቱ ተቋርጧል» የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ አስለጠፉ፤ በሩም በእህቴ ላይ ተዘጋ። ከሥሩ ያለውን «አደገኛ ቦታ ነው፣ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን አሮጌ ሰሌዳ ግን መንቀል ረሱት። የትኛውን ልመን ብዬ ዘበኛውን ጋሼን ብጠይቃቸው፣ «አንተ ነገረኛ፣ እኔ የምጠብቀው በሩን እንጂ ጽሑፉን ነው እንዴ?» አሉኝ። ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛ ግልጽ መልስ ይኸው ነው።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ትንሽ ቁም ነገር አለበት፣ ይቅርታዎን። ከጥፋቱ የተረፉት ጥቂት የባክቴሪያ ዘሮች በታሸገ ጠርሙስ ቤታችን ፍሪጅ ውስጥ ተጠልለዋል። «ከወተቴ አጠገብ ምን ያደርጋሉ!» እያለች ቤቱን ስታናውጥ የነበረችው እናቴ እንኳ ዛሬ ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር «አይዟችሁ» ትላቸዋለች። ነገር ግን በ«አይዟችሁ» ብቻ አይኖሩም። በሩ ቶሎ ተከፍቶ እህቴ ወደ ጉድጓዶቹ ካልመለሰቻቸው እነሱም ያልቃሉ፣ ጥናቷም ያበቃል፣ የእኛም ውሃ እንደተበከለ ይቀራል። ስለዚህ በሩ እንዲከፈት፣ በረኪናውም ለልብስዎ እንዲቆይልዎ፣ በትሕትና እለምናለሁ።

እጅ ነስቼ፣ ወገቤ እስኪንቋቋ ጎንበስ ብዬ፣
የንጽህናዎ አድናቂ፣
የጀርሞቹ አጎት

ማስታወሻ፦ ባለፈው ስብሰባዎ ላይ፣ አስተናጋጁ ጓደኛዬ ታሞ ስለነበር፣ የውሃ ጠርሙሶቹን በየሰው ፊት የደረደርኩት እኔ ነበርኩ። ሳስቀምጥም «ከጸዳው ጉድጓድ የተቀዳ ነው» ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። ከእርስዎ ጀምሮ ክዳን የነካ ሰው አልነበረም፤ ስብሰባው በደረቀ ጉሮሮ ተጠናቀቀ። ውሃው ከራስዎ ቢሮ ቧንቧ የተቀዳ ነበር፤ የተረፈውን ከጋሼ ጋር ጠጥተነዋል። እኛ ሰፈር ያለው ውሃ ግን ቀልድ አይደለም፤ ዛሬ ጠዋትም የጠጣነው ከእውነተኛው ጉድጓድ የተቀዳውን ነው።