በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ስለምጨርሰው ነገር

ለተከበሩ የባንኩ የቤት ብድር መምሪያ ዋና ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ እንዲሁም ከመስታወቱ ጀርባ ተቀምጠው እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ሠራተኞችዎ በሙሉ ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እኔ ጤና ግን የምለው የለኝም። ጉዳዩ በመምሪያዎ ፋይል ውስጥ ስለሚገኝ፣ እኔ ለእርስዎ ከምነግርዎ እርስዎ ለእኔ ቢነግሩኝ ይቀላል። በግል የጻፍኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ይህን ሦስተኛውን በጋዜጣ ለማውጣት መገደዴን በትሕትና እገልጻለሁ።

ሰው ሠራሽ ጥርስ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው። ከባለቤቴና ከአሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ጋር፣ ባንክዎ ባበደረን ገንዘብ በገዛነው ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ብድሩን የምጨርሰው በስድሳ አራት ዓመቴ ነበር። ስለዚህ ቁጥር ክፉም ደግም አስቤ አላውቅም፤ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሰዓት እዚያው ነበር፤ ቀና ስል አየዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። የሰው ዕድሜ ከድድ ማንበብ ሙያዬ ነው። የአንድ ሰው አፍ በጀሶ ተቀርጾ ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ፣ ስሙን ሳላውቅ ስንት ዓመት እንደኖረ እናገራለሁ፤ እምብዛም አልሳሳትም። ስንት እንደሚቀረው ግን ለመገመት ሞክሬ አላውቅም። ይህ የእርስዎ መምሪያ ሙያ መሆኑን የተረዳሁት ባለፈው ወር ነው።

ለሕንፃችን ነዋሪዎች የላኩት የግብዣ ወረቀት እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነበር። ክፍያቸውን ሳያቋርጡ የቆዩ ደንበኞች ብድራቸውን እስከ ሰባ ዓመት ዕድሜያቸው ድረስ አራዝመው ወርኃዊ ክፍያቸውን መቀነስ እንደሚችሉ፣ ለዚህም አንድ ቀላል የጤና ምርመራ ብቻ እንደሚበቃ ይገልጻል። ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖረው የከባድ መኪና ሾፌርና እኔ አብረን አመለከትን። እኩያዬ ነው፤ ልደታችን የሚራራቀው በአርባ ቀን ብቻ ነው። በቀን ሁለት ፓኬት ያጨሳል፤ ደረጃ ሲወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ የግድግዳውን ቀለም የሚያደንቅ ሰው ይመስላል። በአሥረኛው ቀን መልሱ መጣ። ለእሱ እስከ ሰባ። ለእኔ እስከ ሃምሳ ዘጠኝ።

ማራዘሚያ ጠይቄ ማሳጠሪያ ተፈቀደልኝ። ለዚህ ልዩ አስተያየት የሚገባውን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ደብዳቤዎ ምክንያት የለውም። «ከግል ሁኔታዎ ጋር የተመጣጠነ የክፍያ ዘመን» ይላል፣ ያበቃል። ይህችን ሐረግ ያረቀቀውን ሰው ከልቤ አደንቃለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ በኪሴ ይዣት ዞሬያለሁ። ገቢዬ ከሾፌሩ ገቢ ይበልጣል። አንድም ወር ሳልከፍል አላሳለፍኩም። ሌላ ብድር የለብኝም። «የግል ሁኔታ» ሊባሉ የሚችሉትን ነገሮች አንድ በአንድ ስቀንስ፣ ስቀንስ፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ሰውነቴ ብቻ ሆነ።

ሁለተኛ። በመስኮት ቁጥር አምስት ያለችውን ወጣት ሠራተኛዎን ይመለከታል። ስለ ቁጥሩ ስጠይቃት «ጋሼ፣ እኛ አይደለንም የምናወጣው፤ ሲስተሙ ነው» አለችኝ። ሲስተሙ ምን አይቶ ነው ብላት፣ እኔም እንዳይ ስክሪኑን ወደ እኔ ማዞር ጀመረች። መሐል ላይ ዓይኗ የሆነ ነገር ላይ አረፈ። መልሳ ወደ ራሷ አዞረችው። ይህ ሁሉ ሁለት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከዚያም «ውሃ ላምጣልዎት?» አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ የባንክዎ ደንበኛ ከሆንኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ቀን ውሃ ተጋብዤ አላውቅም። ቀጥላም የባለቤቴን ሙሉ ስም አስተካክዬ እንድጽፍላት ለመነችኝ፤ «በኋላ እሳቸው እንዳይጉላሉ ብዬ ነው» አለች። አርቃ በማሰቧ የደመወዝ ጭማሪ እንዲደረግላት በአክብሮት አመለክታለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ውሃ ሲያቀርብልኝ ልቤ ዱብ ይላል።

ሦስተኛ። ይህኛው በራሴ ላይ የማቀርበው አቤቱታ ነው። ባንክዎ የተዋዋለው ክሊኒክ ከባንኩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ደም ወሰዱ፤ ደረቴን በማሽን አነሡ፤ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉ። ሲያበቁ ውጤቱን በፖስታ አሸጉና ማኅተም መትተው፣ «ለመምሪያው ብቻ» ብለው ጽፈው ሰጡኝ። ለእኔ። በእጄ። መልእክተኛቸው ስላልገባ፣ ማዶ ስለሆነ፣ እግረ መንገዴን እንዳደርስላቸው። መንገዱ ዳር መብራቱ ቀይ ነበርና ቆምኩ። እዚያ ቆሜ፣ ከዚያም ተሻግሬ፣ ከዚያም ወረፋ ይዤ፣ አራት ደቂቃ ያህል ያንን ወረቀት በብብቴ ሥር ይዤው ነበር። ፖስታው ቀጭን ነው፤ ወደ ፀሐይ ባነሣው አንድ ሁለት መስመር ሳይታይ አይቀርም። አላነሣሁትም። ላቤ እንዳያበላሸው ብዬ ከአንዱ ብብቴ ወደ ሌላው አዛወርኩት። ሠራተኛዎ መረከቧን ፈርማ የሰጠችኝን ቁራጭ ወረቀት እንኳ አጥፌ በጥንቃቄ አስቀምጫለሁ። መልሱ ከመጣ በኋላ ወደ ክሊኒኩ ሄጄ የውጤቱን ቅጂ ብለምናቸው ከለከሉኝ፤ «የከፈለው ባንኩ ነው፤ ውጤቱም የባንኩ ነው» አሉኝ። እንደ እኔ ያለ ታማኝ ደንበኛ ስላፈራችሁ እንኳን ደስ ያላችሁ።

አራተኛውን ጽፌ ሰረዝኩት። ስለ ሳል ነበር። ሳል አልነበረብኝም። ከደብዳቤዎ ወዲህ አለብኝ።

አምስተኛ። ነገሩን ለባለቤቴ ለመንገር የተሻለ ቀን ስመርጥ ሾፌሩ ቀደመኝ። ደረጃ ላይ አግኝቷት ዘንቢሏን እያገዛት «አንቺስ ታድለሻል፤ ባልሽ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሊገላገል ነው። እኔ ነኝ እስከ ሰባ የምጎተተው» አላት። ክፋት የለበትም፤ የሳቀውም ከልቡ ነው። ሚስቱ ሲጋራውን እንዲተው ስትጨቀጭቀው እንኳ «ባንክ ያመነኝን አንቺ ምን ቤት ነሽ» እያለ ያስቃታል። ባለቤቴ ገባች፤ ዘንቢሉን አስቀመጠች፤ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ግማሹ ላይ ቢላዋው ቆመ። «ለምንድን ነው አንተን ያስቀደሙህ?» አለችኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ወዲህ ምግባችን ጨው የለውም። ደረጃ ስንወጣ ከኋላዬ ሆናለች፤ ስቆም ትቆማለች፤ ለምን ቆምሽ ስላት ቁልፍ የምትፈልግ ትመስላለች።

ልጃችን ደግሞ ቁጥር ትወዳለች። ባለፈው እሑድ ከደብተሯ ቀና ብላ «አባዬ፣ እኔ አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ቤቱ የኛ ይሆናል ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። በጣም ደስ አላት። ያኔ ክፍሏን ምን ዓይነት ቀለም እንደምትቀባው፣ የእናቷ ልብስ ስፌት መኪና ወደየትኛው መስኮት እንደሚዞር እየነገረችኝ ቆየች። እኔ የት እንደምሆን አላነሣችም። ሶፋው ላይ እንደምሆን ስለምታውቅ ነው።

ስድስተኛ። ለእርስዎ ያለኝን እምነት የሚያሳይ ስለሆነ በአጽንዖት እንዲነበብልኝ እለምናለሁ። የራሴ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሃያ ዓመት የሚያውቀኝ ሰው ነው፤ የእናቱን ጥርስ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም መረመረኝ፤ ፊልሙን ወደ መብራት አንሥቶ ተመለከተና «ምንም የለብህም፤ በል ሂድ፣ ጊዜዬን አታባክን» አለኝ። ደስታ አልቻልኩም፤ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው በእግሬ እየሳቅኩ ሄድኩ። እዚያ ተሰልፌ ሳለሁ ግን አሰብኩ። ሐኪሜ ቢሳሳት ምን ያጣል? ያዝናል፤ ቀብሬ ላይ ይቆማል፤ ማግሥቱን ሥራ ይገባል። ባንክዎ ግን ቢሳሳት ገንዘብ ያጣል። በእኔ መኖር ላይ ገንዘብ ያስቀመጠ ከእርስዎ በስተቀር በዚህ ዓለም ማንም የለም። አውቶቡሱ ሳይመጣ ሐኪሜን ትቼ እርስዎን አመንኩ። ይህን ያህል የሚታመን መሥሪያ ቤት መምራትዎ ሊያኮራዎ ይገባል።

ሰባተኛ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ምክንያቱን ጠይቄ ነበር። በሁለተኛው ግን፣ ሥራ እንደሚበዛብዎ በማሰብ፣ ቀላል መላ አቀረብኩ፤ ውጤቱ ደህና ከሆነ አንድ መስመር ይጻፉልኝ፣ ደህና ካልሆነ ዝም ይበሉ አልኩ። ዝም አሉ። መምሪያዎ ለማንም ሰው የግል ደብዳቤ በሁለት ወር ውስጥ መልስ ሰጥቶ እንደማያውቅ መላው ሕንፃ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት የፖስታ ሣጥናችንን ስከፍት ባዶነቱን እንደ ደብዳቤ አነበዋለሁ። ይህን ወጥመድ የሠራሁት ራሴ ስለሆንኩ ክስ የለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ስዘገይ የነበረው ወደዚህ ላለመድረስ እንደሆነ ሳይገባዎ አይቀርም። በመምሪያዎ ደንብ መሠረት ፋይሉን ገልጦ ማየት የሚችለው አዲሱን ውል የፈረመ ሰው ብቻ ነው። በሠላሳ ቀን ውስጥ ካልፈረምኩ የድሮው ውል እስከ ስድሳ አራት እንዳለ ይቀጥላል፤ ፋይሉም ምርመራውም ከነፖስታው ይወገዳሉ። ዛሬ ሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። ብፈርም ብድሩ በሰባት ዓመት ማለቅ ስላለበት ክፍያዬ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ያንን ለመቻል እሑድ መሥራት ይኖርብኛል። ክቡርነትዎ፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልጄ ሳትነሣ እወጣለሁ፤ ስመለስ ለእንቅልፍ ትንሽ ነው የሚቀራት። የማያት እሑድ ነው። እንግዲህ የቀሩኝ እሑዶች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ እሑዶቼን መሸጥ አለብኝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውል አእምሮው የተስተካከለ ሰው ሊያረቅ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ለተማርኩት አመሰግናለሁ።

ትናንት ባለቤቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ቆማ አነበበችው። ትፈርማለህ ትለኛለች ብዬ ነበር፤ ማወቅ የምትወድ ሴት ናት። «ቤቱን ይውሰዱ ከፈለጉ፤ እሑድን ግን አይነኩብንም» አለችና ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ አልፈርምም። ፈርቼ እንደሆነ ይታወቅልኝ፤ ድፍረት እንዳይመስል። ፖስታውን ያስወግዱት። ሳልከፍተው በእጄ እንዳለፈ፣ ሳላነበው በእጅዎ ይጥፋ። የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው። በድሮው ውል መሠረት በየወሩ መስኮት አምስት እየመጣሁ እከፍላለሁ፤ አንድ መቶ አርባ አራት ጊዜ ይቀረኛል። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ሰማንያ አራተኛውን ከፍዬ ከሄድኩ በኋላ በሚቀጥለው ወር ስመጣ፣ ሠራተኛዎ ብትደነቅ እንኳ ፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት፣ ገንዘቡን ቆጥራ «የሚቀጥለው ሰው» እንድትል፣ ከአሁኑ ያስጠንቅቁልኝ። ካልመጣሁም እንዲሁ።

ውድ ጊዜዎን ሰውተው ይህን በማንበብዎ የሚሰማኝን ወሰን የሌለው ምስጋና እየገለጽኩ፣ ሌሎች እኩዮቼ ያላገኙትን ትኩረት ለእኔ ስላደረጉልኝ ውለታዎን ሳልዘነጋ፣ ለመምሪያዎ፣ ለሲስተምዎና ለመላው ባልደረቦችዎ መልካም የሥራ ዘመን እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሳያቋርጥ የሚከፍለው፣ ሳያቋርጥ የሚፈራው ደንበኛዎ፣
የሦስተኛ ፎቁ ጥርስ ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ። ደብዳቤውን ወደ ጋዜጣው ልወስድ ጫማዬን ሳስር ከባንክዎ በስልኬ አጭር መልእክት ደረሰኝ። ደንበኛ የሆንኩበትን አሥራ ሦስተኛ ዓመት በማስመልከት «ረጅም ዕድሜ እንመኝልዎታለን» ይላል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረጅም ያላችሁት ስንት ዓመት እንደሆነ በአኃዝና በፊደል ተጽፎ፣ በእርስዎ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲላክልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።