ወረቀቱም ይጹም

መቱ፣ መጋቢት 26 ቀን

ውድ እትዬ ዘውደነሽ፣

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ልጅዎ ጌድዮን «እማዬ ደረጃ መውጣት አቅቷታል» ብሎ በስልክ ነገረኝ። የአዲስ አበባ ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ተሰቅሎ ምን እንደሚጠብቅ እኔም አይገባኝም። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ሰሞኑን ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። ምክንያቱን በስልክ ብጀምርልዎ መሃል ላይ «እሺ ልጄ፣ ምሳ በላሽ?» ብለው እንደሚያቋርጡኝ ስለማውቅ ጻፍኩት።

መጀመሪያ አንድ የቆየ ነገር አለብኝ። የዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣ ቀን እየሮጥኩ መጥቼ በረቱ በር ላይ «እትዬ፣ የምሥራች!» አልኩዎት። ለዚህም አገር ሁሉ የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፤ «ምስር ብዪ!» ነው የሚባለው። እናቴ ሞታ ሲያሳድጉኝ ስሜን የምሥራች ያሉኝም እርስዎ ነዎት። ሲጠሩኝ እንኳ «የምሥራች!» ብለው ራስዎ «ምስር ብዪ!» ይሉና ይስቁ ነበር። ያን ቀን ግን «ሕክምና ነው?» አሉኝ። ነጥቤ ለሕክምና ይበቃ ነበር። «አይ፣ ባዮሎጂ ነው የመረጥኩት፤ ላቦራቶሪ መሥራት ነው የምፈልገው» አልኩ። የወተት ጣሳዎን አነሱና «ላም ስር ጎንበስ ብዬ ያስተማርኩሽ ብርጭቆ ልታጥቢ ነው?» ብለው ወጡ። ምስሯም በዚያው ቀረች።

አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው። ተቀይሜያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ላሞቹን ሸጠው ወደ ጌድዮን ሲሄዱ መናኸሪያው ላይ አጠገብዎ ለነበረችው ሴትዮ «ልጄ ሐኪም ናት» ሲሉ ሰማሁ። ሴትዮዋ ስለ ጨጓራዋ ብትጠይቀኝ «ቅባት ይቀንሱ» ብዬ አለፍኳት። እግዜር ሁለታችንንም ይቅር ይበለን።

አሁን እዚህ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራውን ይስሙኝ። የላማችን የቡሬ ጡት ሲቆስል ወደ ሶር ወንዝ ከሚወስደው መንገድ ዳር ቀጥፈው፣ ወቅጠው የሚያደርጉላት ቅጠል ትዝ ትልዎታለች? የማጠናው እሷን ነው። ቆዳችን ሴል ከሚባሉ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች የተሠራ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ለሴሎቹ «ተነሱ፣ ጠግኑ» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። መልእክቱን ሴሉ ውስጥ ተቀባብለው የሚያደርሱት ፕሮቲኖች ናቸው፤ እኛ ሰፈር የለቅሶ ወሬ ከደጅ ደጅ እንደሚዞረው ማለት ነው። መልእክት የተቀበለ ፕሮቲን ትንሽ ምልክት ትለጠፍበታለች። ቅጠሏ ይህን መልእክት ታስነሳለች ወይ? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ምልክቷን የሚለይልኝ አንቲቦዲ ነው፤ ሰውነታችን በሽታን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራውን ዓይነት ማለቴ ነው። የእኔው ከጥንቸል የተገኘ ነው። ምልክት ያለበትን ያንን አንድ ፕሮቲን ፈልጎ ይይዝልኛል። የሴሉን ፕሮቲኖች ስስ ወረቀት ላይ አሳርፌ አንቲቦዲውን አፈስበታለሁ፤ በያዘበት ቦታ ጥቁር መስመር ይወጣል። ወረቀቱ ግን ያገኘው ነገር ሁሉ የሚጣበቅበት ጉደኛ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታው እንዲሸፈን አስቀድሞ ምን ውስጥ የሚዘፈዘፍ ይመስልዎታል? ወተት! የዱቄት ወተት ተበጥብጦ! መጀመሪያ ያየሁት ቀን ብቻዬን ሳቅሁ። ከወተት ሸሽቼ ወተት ላይ ወደቅሁ አልኩ።

ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ወረቀቴ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ወጣ። መስመር የለ፣ ምን የለ። አለቃዬ ዶክተር ጎንፋ ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ጥር ላይ ግን አስጠሩኝ።

«የምሥራች፣ አንቲቦዲው የቀረው ለሁለት ጊዜ የሚበቃ ብቻ ነው። ሌላ የምንገዛበት የለንም። እስከ ፋሲካ ውጤት ካልመጣ ጥናቱ ይዘጋል፤ አንቺም ወደ ተማሪዎቹ ላቦራቶሪ ትዛወሪያለሽ።»

«እዚያ ምን ልሠራ?»

«ዕቃ ታዘጋጃለሽ፣ ታጥቢያለሽ።»

ብርጭቆ! እትዬ፣ የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው። ያን ዕለት ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሁዳዴ ገባ። የዱቄት ወተቴ አልቆ ነበርና ጋሼ ሸጋው ሱቅ ሄድኩ። ገና ስናገር ዓይናቸው ፈጠጠ።

«ወተት? በሁዳዴ? ያውም የዘውደነሽ ልጅ!»

«ለመጠጣት አይደለም ጋሼ፣ ወረቀት የምዘፈዝፍበት ነው።»

«ምን?»

«ወረቀት።»

«እንግዲያው ወረቀቱም ይጹም!»

ሱቅ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አውካካ። ለነገሩ በጾም ገዢ የለም ብለው አላመጡም ነበር። ሌላ ሱቅ ገብቼ ደግሞ እንዳልጠይቅ አፈርኩ። ነድጄ ላቦራቶሪ ተመለስኩና ማቀዝቀዣውን ስከፍት አልቡሚን የሚባል ዱቄት አየሁ። እሱም ወረቀት ለመሸፈን ይሆናል። ምን አማራጭ አለኝ? በእሱ ዘፈዘፍኩት። ከላም ደም የሚወጣ መሆኑን ግን አደራ ለጋሼ ሸጋው እንዳይነግሩብኝ፤ ወረቀቱ የጾመ ነው የሚመስላቸው።

ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ! ቅጠሏ ያልደረሰው ሴል ጋ ታየች አልታየች የምትባል ጭረት፣ ቅጠሏ የደረሰው ጋ አንዲት ቀጥ ያለች ጥቁር መስመር። እልል ልል አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እርስዎ ትዝ አሉኝ። ከሰው ወተት ሲረከቡ ዓይንዎን አያምኑም ነበር። ጠብታ ጥፍርዎ ላይ ያደርጋሉ፤ ውሃ የገባበት እንደሆነ ሽው ብሎ ይወርዳል። ሰውዬው የንስሐ አባትዎ ቢሆኑ እንኳ ጥፍርዎን ሳይጠይቁ አይቀበሉም።

እኔም የቀረችውን የአንቲቦዲ ጠብታ ለጥፍሬ አዋልኳት። ዶክተር ጎንፋ «መስመሯ ወጥታልሻለች፤ ይህቺን እንኳ አስቀምጫት» ቢሉኝ እምቢ አልኩ። ከዚያው ናሙና ግማሹን ወስጄ ምልክቷን በሚያነሳ ኢንዛይም አነሳሁለት። አንቲቦዲዬ እውነተኛ ከሆነ እዚያ ላይ ምንም ማየት የለበትም። ካየ ደግሞ የአምስት ወር ልፋቴም፣ መስመሯም፣ እኔም ገደል ገባን። ወረቀቱን ሳወጣው ምልክት ባለበት መስመሯ አለች፤ በተነሳበት ባዶ ነው። ዶክተር ጎንፋ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና «ጀባዱ!» አሉኝ፤ በርቺ ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ነው እልል ያልኩት።

የጠቆረበትን ምክንያት ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከአንቲቦዲው ጋር የመጣውን መመሪያ ገለጥኩት። «ወተት አይጠቀሙ» ይላል፣ በደማቁ! ለካ የወተት ፕሮቲን ራሱ እንደዚያች ያለ ምልክት ሞልቶበታል። አንቲቦዲዬ አምስት ወር ሙሉ ወተቱን ሲይዝ ኖሯል። ታዲያ ለምን ቀድሜ አላነበብኩትም? በወተት ጉዳይ የዘውደነሽን ልጅ ማን ይመክራታል ብዬ ነዋ! ኩራቴ ነው ጉድ የሠራኝ። ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ።

ጥናቱ አልተዘጋም። ቅጠልዎ መድኃኒት ሆነች ማለቴ አይደለም፤ ገና ረጅም መንገድ አለ። ግን ሴሉን ታናግረዋለች። ይህን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ያጣራሁትም እርስዎ ባስተማሩኝ መንገድ ነው።

እትዬ፣ ሐኪም አይደለሁም። ከእንግዲህ ሰው ሲጠይቅዎ «ልጄ ሴሎች ሲያወሩ ትሰማለች» ይበሉልኝ። ብርጭቆም አጥባለሁ፤ በየቀኑ፣ በገዛ እጄ። እርስዎስ ያንን ጣሳ በቀን ሦስቴ ያጥቡት አልነበር? መቱ ወተትዎን ያመነው በዚያ አይደለም እንዴ?

ጾሙ ሳይፈታ፣ ምስር በሚበላበት ሰሞን ይድረስዎ ብዬ ደብዳቤውን ነገ ለሚሄደው አውቶቡስ እሰጣለሁ። አንብበው ሲጨርሱ ይደውሉልኝ። ስለ ምሳ አይጠይቁኝ። መልስዎን ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁና አሁን እንደገና በረቱ በር ላይ ቆሜያለሁ፦

እትዬ፣ የምሥራች!

ልጅዎ
የምሥራች