ማግኔቱ ከነማሸጊያው ይመለሳል

ለክቡር አቶ ኃይለ ሚካኤል
የማስተማሪያ ዕቃዎች ጥበቃ ዴስክ ኃላፊ
ወረታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ ለማኅተምዎና ማኅተሙ ለሚነከርበት ቀለም የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኛ በቁሐር ሚካኤል በኩል የምንገኝ መምህራንና ተማሪዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። ላሚቱም ደህና ናት። የእርሷን ደህንነት አስቀድሜ የምነግርዎ በመጨረሻው ደብዳቤዎ እንድትታረድ ስላዘዙ፣ በሐሳብ እንዳይሰነብቱ ብዬ ነው።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥር ከመሠረቱ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። እኔ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ትምህርት ቤታችን አንድ ጥሩ ማግኔት አለው፤ አለው ስል በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ማግኔት ሚስማር በሳበ ቁጥር ጉልበቱ ያልቃል የሚል ማሳሰቢያ ከዴስክዎ ስለደረሳቸው፣ የዕቃ ቤት ኃላፊያችን አቶ ፈድሉ በካርቶን አሽገው፣ ካርቶኑንም በብረት ሣጥን ቆልፈው ሲጠብቁት ኖረዋል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእኛ ማግኔት አለኝ በሣጥን ሆኖ ቆየ። እኔም ማግኔትን በጠመኔ እየሳልኩ አስተማርኩ፤ በጠመኔ የተሳለ ማግኔት ደግሞ ምንም አይስብም። በፈተና ላይ «ማግኔት ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ፣ መባ የምትባል ተማሪዬ «ዕቃ ቤት ተቆልፎበት የሚቀመጥ ነገር ነው» ብላ ጻፈች። ያየችውን ስለጻፈች ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ኋላ ትምህርት በተግባር ይሁን የሚል ሌላ መመሪያ መጣና ማግኔቱ ከስንት ፊርማ በኋላ ከእስሩ ተፈታ። ስረከበው አቶ ፈድሉ ቆመው የዴስክዎን ደንብ አነበቡልኝ፤ ተመላሽ የሚሆን ዕቃ በሚገኝበት ማሸጊያ ውስጥ እንዳለ ይቅረብ፣ ማሸጊያው የተቀደደ ዕቃ ርክክብ አይፈጸምበትም ይላል። ይህን አንቀጽ እባክዎ በልብዎ ይያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ያን ዕለት ከወረታ ጋራዥ የለመንኩትን የብረት ፍቅፋቂና ቁርጥራጭ ሚስማር ከሩዝ ወፍጮ ከመጣ ፉርሽካ ጋር ደባልቄ፣ ተማሪዎቼን በግቢው ዛፍ ሥር አስቀምጬ፣ ብረቱን ከፉርሽካው ለዩ አልኳቸው። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ በዚያ አለመኖርዎ ይቆጨኛል። ሚስማሩ ከፉርሽካው ውስጥ ብድግ እያለ ማግኔቱ ላይ ሲለጠፍ፣ መባ እጇን ወደ ኋላ ስባ «ኧረ እትዬ፣ ይጎትተኛል!» አለች። እኔ በጠመኔ ስስለው በኖርኩት ነገር ልጅ ስትደነግጥ ሳይ ደስ አለኝ፤ ደስታዬን መደበቅም አልቻልኩም።

አጥራችንን ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወስዶታል። አጥሩ እንዲጠገን የጻፍነው ደብዳቤ እርስዎ ዘንድ በጥሩ ጤንነት እንደሚገኝ እናምናለን። በዚያው ዕለት ጎርፉ በከፈተው ቀዳዳ ቡሬ መጣች። ቡሬ የመባ እናት የወይዘሮ ይታይሽ ላም ናት፤ በዚያ ቤት ያለችው የምትታለብ ላምም እርሷ ብቻ ናት። ተማሪዎቹ ኮምፓስ ሊያዩ ወደ እኔ በተሰበሰቡበት ቅጽበት ፉርሽካውን፣ ሚስማሩንና ማግኔቱን አንድ ላይ ዋጠች፤ ካርቶኑንም አልተወችውም።

የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ማስተዋል መጥታ ኮምፓሱን ከቡሬ ግራ ክንድ ጀርባ ብታስጠጋው፣ መርፌው ሰሜንን ትቶ ወደ ላሚቱ ዞረ። ማግኔቱ ሆዷ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ ሚስማሮቹንም ሰብስቦ እንደያዛቸው ነገረችን። እሱ ባይዛቸው ኖሮ ሆዷን በስተው ልቧን ይወጉት ነበር፤ በሌላ አገር ሐኪሞች ሆን ብለው ላምን ማግኔት ያስውጣሉ፣ ዕድሜ ልኳንም ይኖርባታል አለች። እኛ ተደሰትን። ዴስክዎ ግን ንብረት ጠፋ አለ። ከዚህ በኋላ ስላደረጉልን በጎ ነገር ሁሉ በየተራው ላመስግንዎ።

1ኛ. ማግኔቱ በተፈጥሮ መንገድ ሊወጣ ይችላል በማለት የእበት ክትትል ኮሚቴ ስላቋቋሙልን እናመሰግናለን። አቶ ፈድሉ በሊቀመንበርነት፣ አንድ የሒሳብ መምህር በጸሐፊነት ቡሬን ከግጦሽ እስከ በረት ተከተሏት። ወይዘሮ ይታይሽም ኮሚቴው አይቶ ሳይፈርም ኩበት እንዳይጠፈጥፉ ተከለከሉ። እበት ፊርማ እስኪያገኝ አይጠብቅም፤ ይደርቃል። የሒሳብ መምህሩ በዚያ ሰሞን ክፍል ስላልገቡ ተማሪዎቻችን ማካፈል ሳይማሩ ቀሩ።

2ኛ. በቡሬ ቀንድ ላይ የንብረት መለያ ቁጥር በቀይ ቀለም እንዲጻፍ ማዘዝዎ አስተዋይነትዎን ያሳያል። ወይዘሮ ይታይሽ ይፋግ ገበያ ይዘዋት ቢወጡ፣ የመንግሥት ላም ሰርቀሽ ነው ተብለው ሲጠየቁ ዋሉ። የክረምት ውሃ ሜዳውን ሞልቶ ከብት ሁሉ ወደ ደረቅ መሬት ሲወጣ ደግሞ፣ ቡሬ ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነች የመውጫ ፈቃድ ያስፈልጋታል ተባለ። ፈቃዱ የመጣው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው። እስከዚያው ላሚቱ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ መንግሥትን ጠበቀች፤ በዚህ ወረዳ እንደ እርሷ ለደንብ የተገዛ አላየሁም።

3ኛ. ማግኔቱ በላም ከተያዘ ብዬ፣ ከተቃጠለ የባጃጅ ዲናሞ በወጣ የመዳብ ሽቦ ትልቅ ሚስማር ጠምጥሜ፣ በባትሪ ድንጋይ አገናኝቼ ተማሪዎቼን ኤሌክትሮማግኔት አሠራኋቸው። የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍበት ሚስማር ያነሣል፣ ሽቦው ሲነቀል ይጥላል፤ ትምህርቱም ይኸው ነው። ዴስክዎ ይህን ሰምቶ በንብረት መዝገቡ አንድ ማግኔት ገቢ አደረገ። ንብረት ቆጣሪዎችዎ የመጡ ዕለት ሽቦው ተነቅሎ ስላገኙት ማግኔቱ ጠፍቷል ብለው ጻፉብኝ። ገጥሜ ባሳያቸው ተገኘ ብለው ሰረዙ። ዳግመኛ ብነቅለው እንደገና ጠፋ። በመጨረሻም ንብረቱ እንዳይጠፋ ቀንና ሌሊት እንደተገጠመ ይደር የሚል ትእዛዝ ወጣ፤ አደረ፤ ባትሪ ድንጋዩም አለቀ። እነሆ ዛሬ ሁለት ማግኔት ያጠፋሁ መምህርት ተብዬ እጠራለሁ። ስላጎናጸፉኝ ማዕረግ አመሰግናለሁ።

4ኛ. የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ላሚቱ ታርዳ ማግኔቱ እንዲመለስ አዘዋል። በዚህ ላይ መቀለድ ያቅተኛል። ትእዛዙን ለወይዘሮ ይታይሽ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። ሰሙኝና «መምህርት፣ ብረታቸውን ይውሰዱ፤ እኔ በማግስቱ ጧት ተነሥቼ ምን ልለብ? ይህንንም ጻፊልኝ» አሉ። ይኸው ጽፌዋለሁ። መባ እናቷ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ እጇን አታወጣም። ስለ ማግኔት የጠየቀች ልጅ ላም ታሳርዳለች ብላ ሳትፈራ አትቀርም።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ንብረትዎን ልመልስ ወስኛለሁ። ቀደም ብዬ በልብዎ ያስያዝኩዎትን አንቀጽ አሁን ያውጡልኝ። ዕቃ በሚገኝበት ማሸጊያ ውስጥ እንዳለ ይቅረብ ይላል። ማግኔቱ የሚገኝበት ማሸጊያ ቡሬ ናት። ማሸጊያው የተቀደደ ዕቃ ርክክብ አይፈጸምበትም ይላል። እንግዲህ ቡሬ ከታረደች ማግኔቱን መረከብ በራስዎ ፊርማ የተከለከለ ነው፤ እኔም ደንብ አፍርሼ በስተርጅና አልከሰስም።

ሰኞ ጧት ወይዘሮ ይታይሽ፣ መባና እኔ ማሸጊያውን እየነዳን ቢሮዎ እንመጣለን። ኮምፓስ ይዘን ስለምንመጣ ዕቃው በቦታው መኖሩን መርፌው ይመሰክራል። ማሸጊያው የሩዝ ገለባ ይበላል፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣል፣ ጧትና ማታ ይታለባል፣ እበቱም ኮሚቴ ለምዷል። ይህ ሁሉ ለቢሮዎ ከከበደ ግን ቀላል መንገድ አለ፦ ተረክቤያለሁ ብለው ይፈርሙ፤ የወይዘሮ ይታይሽንም በረት የዴስክዎ ዕቃ ቤት ነው ብለው ይሰይሙ፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዕቃ ቤት ልማድዎ ማንም ሰው እንዳይነካት አጥብቀው ይከልክሉ።

ለትምህርት ላሳዩት ትጋት፣ በተለይም ለቁልፉ፣ ያለኝ አክብሮት እንዲህ በቀላሉ የሚነቀል አይደለምና ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሁለት ማግኔት ያጠፋችው
መምህርት ሰብለ ወንጌል

እንደገና የታሰበ፦ ማግኔት ምንድን ነው የሚለውን ጥያቄ ዘንድሮም ደግሜው ነበር። መባ «ሣጥን ውስጥ ሲሆን ምንም አይሠራም፤ ላም ሆድ ውስጥ ሲሆን የሰው ቤት ያድናል» ብላ መልሳለች። ሰኞ ስንመጣ እርማቱን እርስዎ እንዲሰጡ ወረቀቷን ይዛ ትመጣለች። ቡሬን ግን በርቀት ይቀበሏት፤ ቀንዷን ከቀቧት ወዲህ ወረቀት የያዘ ሰው ሲቀርባት ትራገጣለች።