ሞተው ስለተነሡት ስድሳ ሳህን ሴሎች

ለተከበሩ የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ስኳርዎም፣ ደም ግፊትዎም፣ ፊርማዎም ሳይዛነፍ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በምድር ቤቱ ላቦራቶሪ ሴል ሳረባ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ቴክኒሻን ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ በዓመታዊው ስብሰባ «የታች ሠራተኞች» ብለው ካመሰገኗቸው አንዷ ነኝ።

እንደሚያውቁት፣ ወይም እንደፈረሙበት፣ ሥራችን የስኳር በሽታ መድኃኒት በዓይን በማይታይ ናኖ ቅንጣት ላይ ተጭኖ ሲሰጥ የኩላሊት ሴል ይጎዳ እንደሆነ ማየት ነው። ለዚህም ሃያ ሳህን ሴል መድኃኒቱን ብቻ፣ ሃያው መድኃኒቱን ከነቅንጣቱ ወስዶ፣ የቀረው ሃያ ምንም ሳይነካ ለማነጻጸሪያ ተቀምጦ ነበር። ሴል የሰው ገላ ያህል ሙቀት ካላገኘ አይኖርም፤ ማሞቂያ ሳጥኑ ቀን ከሌት የሚሠራው ለዚህ ነው። እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ መብራት ቁጠባው ማስታወቂያዎ ያለኝን አድናቆት ሳልገልጽ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ዓርብ መጨረሻ የሚወጣ ሰው የሕንፃውን ዋና ማጥፊያ እንዲያጠፋ ባዘዙ በመጀመሪያው ዓርብ፣ ዘበኛችን ትእዛዝዎን ፈጸሙ። እኚህ ሰው የተለጠፈ ወረቀት ሁሉ ሕግ ስለሚሆንባቸው በግቢው ውስጥ የምንጠራቸው ጋሽ እሺ እያልን ነው። ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት ስድሳውም ሳህን ቀዝቅዞ ጠበቀኝ፤ ምንም ያልተነኩት እንኳ ሞተዋል። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም። ስለዚህ ቅንጣቱ ይግደል አይግደል የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ የለም፣ ክቡርነትዎ ሲቀሩ።

ሁለተኛ፣ ረቡዕ ጠዋት ለጋሽ እሺ «ስድሳ ሳህን ሴል በቸልተኝነት በመግደል» በሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ጻፉላቸው። ያዘዟቸው እርስዎ መሆንዎን ደብዳቤው በትሕትና አልፎታል። በዚያው ቀን ከምሳ በኋላ ደግሞ መድኃኒቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ለሚፈቅደው አጽዳቂ ኮሚቴ ስድሳውም ሳህን ሴል በመልካም ጤንነት ላይ እንደሚገኝ፣ ቅንጣቱም ጉዳት እንደሌለው ሪፖርት አደረጉ። ቁጥሮቹን አይቼ ወዲያው አወቅኳቸው፤ አምና መድኃኒቱን ያለ ቅንጣት ስንሞክር በእጄ የሞላሁት ሠንጠረዥ ነው። በሁለቱም ወረቀት ላይ ፊርማው የእርስዎ ነው፣ የመዝገብ ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው። በጠዋት የቀበሩትን ከምሳ በኋላ ማስነሣት ሙያ ይጠይቃል፤ እኛ ዘጠኝ ዓመት ለፍተን አልቻልንበትም።

ሦስተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ትንሽ ቢጎድል ይቅርታዎን እለምናለሁ። ጋሽ እሺ ስኳር ካለባቸው አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ማስጠንቀቂያውን ይዘው ምድር ቤት ወረዱና፣ ሴሎቹን እኔ ስለገደልኩብሽ በገላዬ ልካስሽ አሉኝ። አልቀለዱም። በሰው ላይ ለሚደረገው ሙከራ በፈቃደኝነት ተመዝግበው ተራ ቁጥር አንድ ደረሳቸው፤ የፊታችን ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይወጋሉ፣ ከኋላቸውም ስድስት ሰዎች አሉ። ቅንጣቱ ገና አልተፈተነም ብላቸው፣ ሪፖርቱ በሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል አሉኝ። እኔ ምን ልበል፣ ማኅተም የለኝም። በየጠዋቱ «የሴሎቹ እናት፣ እንዴት አደርሽ» ሳይሉኝ የማያሳልፉኝ ሰው ናቸው፤ ስለ ኩላሊታቸው ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ሪፖርቱን እንዲሰርዙ፣ የሰኞውን መርፌ እንዲያስቀሩ፣ የጋሽ እሺን ማስጠንቀቂያ እንዲያነሡ፣ ለእኔም ሥራውን እንደገና የምሠራበት ሦስት ሳምንትና የማይጠፋ መብራት እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። የለም፣ ሴሎቹ በሕይወት አሉ የሚሉ ከሆነ፣ ስድሳውም ሳህን ታሽጎ በእጄ ስላለ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ትንፋሻቸውን እንዲያዳምጡልን በአክብሮት እጋብዛለሁ።

በአንድ ቀን ሁለት እውነት መያዝ ያቃታት፣ አክብሮቷ ግን እንደ ሪፖርትዎ ሴሎች በመልካም ጤንነት ላይ የሚገኝ፣
የምድር ቤቷ ሴል አርቢ

ግልባጭ፦
ለአጽዳቂው ኮሚቴ
ለመግቢያው በር ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጋሽ እሺን ማስጠንቀቂያና ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ካለው ሪፖርትዎ ጋር ጎን ለጎን ለጥፌያቸዋለሁ። ለመንቀል እንዳይደክሙ፤ የተለጠፈ ወረቀት መንካት ክልክል ነው የሚለው የአምና ማስታወቂያዎ እዚያው ስላለ፣ ጋሽ እሺ ወንበራቸውን ከሥሩ አድርገው እየጠበቁት ነው። ሦስቱንም ደጋግመው አንብበው ሲያበቁ የሰኞውን መርፌ እምቢ ብለዋል። ተራ ቁጥር አንድ ባዶ እንዳይቀር፣ ስኳር እንዳለብዎ ስለማውቅ፣ የእርስዎን ስም በእርሳስ አስገብቼበታለሁ። በቀለም ማጽናቱን ፊርማ ለማይሰስተው እጅዎ ትቻለሁ።