የእማማ ዘነቡ በር

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ስድስት ኪሎ ስወስደው የነበረው የአፈር ምህንድስና ሥልጠና ትናንት አልቆ ዛሬ ዶሮ ማነቂያ ወዳለው ሥራችን ተመለስኩ። ለሕንፃው መሠረት የቆፈርነውን ጉድጓድ ስዞረው፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ባለው በጎረቤታችን በእማማ ዘነቡ ቤት በኩል መሬቱ ተሰንጥቋል። እጄን ሰደድኩበት፤ እስከ አንጓዬ ገባ።

ለአለቃዬ ለኢንጂነር ታደሰ ነገርኳቸው። "ሁለት ሳምንት ተምረሽ መጣሽና ሁሉም ነገር ሊናድ ሆነ?" ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የዕድገት ደብዳቤሽን ነገ እፈርማለሁ። አንቺም ጉድጓዱ ደህና ነው ብለሽ ሪፖርቱ ላይ ፈርሚልኝ።"

አልፈረምኩም። እማማ ዘነቡ ጋ ሄጄ ዛሬ ልጃቸው ቤት እንዲያድሩ ለመንኳቸው። በሩን በትከሻቸው ገፍተው ነው የወጡት። "ከሰኞ ጀምሮ እንዲህ እየያዘ አስቸገረኝ። ክረምቱ እንጨቱን አሳብጦት መስሎኝ" አሉ። ቤቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው።

"የእርስዎ ብቻ ነው እማማ?"

"ኧረ የመደዳው ሁሉ ነው፣ ልጄ።"

ቤት ለቤት ዞርኩ። እማማ ዘነቡና አንዲት አራስ ከነልጇ ወጡ። የቀሩት "ስንት ክረምት ያሳለፈ ቤት ነው" ብለው መለሱኝ። ኢንጂነሩ ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ አላነሳሁም። ይህን ስጽፍ ዝናቡ ጀመረ።