ዕርቁን የቀደመ ታሪክ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጥቅምት 24፦ ታብሌቶቹ ከወልድያ ደረሱ። ጥቅምት 28፦ ርዕሰ መምህሩ ፈቀዱ። ኅዳር 3፦ ለወላጆች ተነገረ። ዛሬ፦ የአምስተኛ ክፍል ልጆቼ ሥራ ጀመሩ።

መሣሪያው በኢንተርኔት የሚሠራ የታሪክ መጻፊያ ነው። ልጆቹ ሥዕል ይመርጣሉ፣ ከሥሩ ይጽፋሉ፣ በራሳቸው ድምፅ ያነባሉ። «አትም» የሚለው ከተነካ በኋላ ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ ያየዋል። ዓርብ ጠዋት ወላጆች ባሉበት ልናትም አቅደናል።

ማወቅ የምፈልገው፦ በደብተሩ ላይ ሦስት መስመር መሙላት የሚያቅተው ልጅ፣ ሥዕል ሲቀድምለት ይጽፋል ወይ?

ዘይነባና ሰዒድ «በአንድ ቡድን ካልሆንን» አሉ። ፈቀድኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ይጽፋል። ለጊዜው የምለው ይህን ብቻ ነው።

የዘይነባና የሰዒድ ታሪክ ስለ ሁለት ጎረቤት ገበሬዎች ነው። አንደኛው በሌላው የመስኖ ተራ ቦዩን ዘጋ፤ የጎረቤቱ ሽንኩርት ደረቀ፤ ተጣሉ፤ ሽማግሌ አስታረቃቸው። ከሥዕሎቹ መካከል ቦይ ስለሌለ የባቡር ሐዲድ ወስደው ሰማያዊ ቀቡት። ሽማግሌም የለም። ያገኙት ቀይ ልብስ የለበሰ፣ ነጭ ጢም ያለው ወፍራም ፈረንጅ ነው። ልብሱን ነጭ አደረጉት፤ ጥምጣም ጨመሩለት።

«ሆዱስ?» አለች ዘይነባ።

«ሆዱ እንቢ አለ። ሰርግ ውሎ ነው በይ» አለ ሰዒድ።

የበዳዩን ቃል ሰዒድ፣ የተበዳዩን ዘይነባ አነበቡ። ሁለቱም ሲያነቡ አልሳቁም። ሐሳቡን ከየት እንዳመጡት ለማወቅ ጓጓሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በእረፍት ሰዓት ቅጂውን ለመምህር አሊ አሰማሁት። የልጆቹ መንደር ሰው ነው። ጥምጣሙን አይቶ ሲስቅ ቆየና በመሀል ቅጂውን አስቆመው።

«አንቺ፣ ይሄ እኮ ተረት አይደለም» አለኝ።

ቦዩን ዘጋ የተባለው የሰዒድ አባት ነው። ሽንኩርቱ የደረቀበት የዘይነባ አባት። ነገሩ ዱላ ወደ ማንሣት ሲደርስ አባ ይማም ገቡበት። አባ ይማም አበጋር ናቸው፤ በመርሳ ዙሪያ የተጣላን የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ሸንጎው የሚቀመጠው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ነው።

አሊ ወጉን አስረዳኝ፦ ጉዳዩ በአበጋር እጅ እያለ ከሁለቱ ቤት ማንም ጥፋተኛው እገሌ ነው ብሎ ውጭ አያወራም። ካወራ፣ ሌላው ወገን ሸንጎውን ጥሎ ሊወጣ ይችላል።

እኛ ደግሞ በዚያው ዕለት ጠዋት የሁለቱንም ነገር በገዛ ልጆቻቸው ድምፅ ልናሰማ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ልጆቹን አንድ ላይ ጠርቼ ከአሊ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«ቲቸር፣ ስም አልጠራንም እኮ!» አለች ዘይነባ።

«የዘጋው አባቴ ነው። አይቻለሁ፣ ወላሂ» አለ ሰዒድ።

ቦዩን በሌላ ነገር እንዲተኩት ሐሳብ አቀረብኩ። ተያዩ።

«ያኔማ የኛ አይሆንም» አለች።

ቀሪውን ቀስ ብላ ነገረችኝ። አባቷ ከሰዒድ ጋር በአንድ መንገድ እንዳትሄድ ከልክለዋታል። ዕርቁ ካልሆነ ክፍል ሊያስቀይሯት ነው። ስለዚህ ታሪኩ የተሠራው አብሮ መቀመጥ በሚቻልበት ብቸኛ ቦታ ነው። ይህን ሰኞ ዕለት አላወቅሁም።

ልጆቹን አስፈቅጄ፣ ከሰዓት ከአሊ ጋር ወደ አባ ይማም ሄድን። ታብሌቱን ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ሰሙ። ቀጥለው ሥዕሉን አዩ።

«ይሄ ቦርጫም እኔ ነኝ?»

«ሆዱን ሊቀንሱት ሞክረው ነበር፣ አባ» አልኳቸው።

«ጥምጣሙንስ አሳምረውታል፤ አላህ ያሳድጋቸው።»

እንደገና እንድከፍተው አዘዙኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ልጆቹ ቀድመውናል። እኛ ገና እዚህ አልደረስንም» አሉ።

ነገ ለሸንጎው ይጠቅማቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን አወናጨፉ።

«የለም ልጄ። ልጁ መስክሮበት የታረቀ አባት ቤቱ ሲገባ ያኮርፋል። ራሱ ይበለው። ከጨረስን በኋላ አምጪልን፤ ያኔ አብረን እንስቃለን።»

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የሌሎቹ ቡድኖች ታሪኮች ታተሙ። ጅብ በባጃጅ ወልድያ ሄዶ ሒሳብ አልከፍልም ያለበት ታሪክ ወላጆችን በሳቅ ገደለ። ሁለቱ አባቶች መጥተው ነበር፤ በአዳራሹ ወዲያና ወዲህ ጫፍ ተቀመጡ።

ሲወጡ የዘይነባ አባት «የልጄስ የታል?» አሉኝ።

«አላለቀም» አልኳቸው። ከተለያየን በኋላ መልሴን መረመርኩት። ሐሰት አላገኘሁበትም።

ዘይነባ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታየኝ ነበር። ሰዒድ አልታየም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

አሊ ደወለ። እስከ መግሪብ ተቀምጠው አልጨረሱም፤ ለሚመጣው ዓርብ ተቀጣጠሩ። በሸንጎው የተባለውን አያውቅም፤ ቢያውቅም አይነግረኝም። ከውጭ ያየው ይህን ያህል ነው፦ ማንም ጥሎ አልወጣም። ሲበተኑም ሁለቱ አባቶች በአንድ መንገድ ተመለሱ፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ራቅ ብሎ ከኋላ።

ከዚህ ተነሥቼ ዕርቅ ይሆናል ብዬ መደምደም አልችልም። ዘይነባም ሰኞ የት እንደምትቀመጥ አላውቅም።

ታሪኩን አላተምነውም። አንድም ቃል አልቀየርንበትም።