የኤፍራይን ከረጢት

ወንድሜ ጠሃ፣

ፖርቶ ሪኮ ደሴት ብትሆንም ተራራዋ የእኛን አገር ሰርቦን ይመስላል፤ ቁልቁል ሲያዩ ባሕር መኖሩ ብቻ ይለያል። እዚህ ኤፍራይን የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ቡናውን ራሱ ቆልቶ፣ ከረጢቱ ላይ ስሙን አትሞ ይሸጣል። ቀናሁ። «የአሜሪካ ግዛት ናችሁ፤ ፕሬዚዳንቱን እንኳ አትመርጡም» አልኩት፤ ልጠይቃት የመጣሁባት ልጄ ተረጎመችልኝ። «አንተስ፣ ከረጢትህ ላይ የማን ስም አለ?» አለኝ።

ቀመስኩት፤ ከእኔ ቡና አይበልጥም። ግን እንዳንተ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ያደርቀዋል። እኔ «ቡናው ታመመ እንዴ፣ አልጋ ላይ ያስተኛኸው?» እያልኩ ስስቅብህ፣ የራሴን መሬት ላይ አሰጣው ነበር። አፈር አፈር በሚል ቡና ላይ ማን ስሙን ይጽፋል?

ፖስት ካርዱ ሞላ። ባለቤትህን ዘይቡን ሰላም በልልኝ። ሳልመጣ ጓሮዬ ውስጥ አልጋውን ሠርተህ ጠብቀኝ፤ እኔ ለመንኩህ ብለህ ግን ገበያ ውስጥ እንዳታወራ።

ገብረሥላሴ